ክንደ አጭሩ ሮኪ ማርሲያኖ

የቦክስ ወሬ የተነሳበት ቦታ ሁሉ መድረሻው አንድ ነው። ጨዋታው በቅርቡ ከታየ ግጥሚያ ይጀምርና ትንሽ ቆይቶ ጭራሽ ያልተደረገ ግጥሚያ ውስጥ ይገባል። መሐመድ ዓሊ ከማይክ ታይሰን ጋር ቢገናኝስ? ጆ ልዊስ ከጆርጅ ፎርማን ጋርስ? እዚህ ላይ ሁልጊዜ አንዱ ብድግ ብሎ ኪሎ ይቆጥራል፤ የከበደው ያሸንፋል፣ አለቀ ይላል። ሌላው ደግሞ የሚዋጋው ልብ ነው እንጂ ኪሎ አይደለም እያለ ይሟገታል። በዶርማችን ይህ ክርክር ሌሊቱን አጋምሶ ሳይቋጭ ያድራል። እኔ በበኩሌ ሁለቱም ወገኖች ያልተደረገውን ግጥሚያ ለጊዜው ትተው የተደረገውን ቢያዩ ይሻላል ባይ ነኝ። ለዚህ ደግሞ ከአንድ ሰው ሕይወት የተሻለ አላገኘሁም። ሮኪ ማርሲያኖ አጭር ሆኖ፣ ክንዱም አጭር ሆኖ የዓለም ከባድ ሚዛን ሻምፒዮን የሆነ፣ በሙያው አንድም ጊዜ ያልተሸነፈ፣ በመጨረሻም በኮምፒውተር አማካይነት ከመሐመድ ዓሊ ጋር ተጋጥሞ ውጤቱን ሳያውቅ የሞተ ሰው ነው። (ዘመኖቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው።)

ወደ ሰውየው ከመግባቴ በፊት ስለ ሚዛን ጥቂት ልበል። ቦክስ ሰዎችን በኪሎ የሚከፋፍል ስፖርት ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ቡጢ ብቻውን አይመጣም፣ ከኋላው የሰውነቱን ክብደት ይዞ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ከታች ጀምሮ እያንዳንዱ የሚዛን ክፍል ጣሪያ አለው። ጣሪያ የሌለው አንድ ክፍል ብቻ ነው፣ እሱም ከባድ ሚዛን ነው። በማርሲያኖ ጊዜ ከ79 ኪሎ ተኩል ገደማ በላይ የሆነ ሁሉ ከባድ ሚዛን ይባል ነበር። አንዱ 82፣ ሌላው 110 ኪሎ ቢመዝን ሕጉ ግድ የለውም፤ ሁለቱም ወደ ሪንግ ይወጣሉ። ትንሹ ትልቁን ይችለዋል ወይ የሚለው ጥያቄ እዚህ ክፍል ውስጥ ሳይሞት የኖረው በዚህ የተነሳ ይመስለኛል። ማርሲያኖ ሻምፒዮን በነበረባቸው ዓመታት ከ83 እስከ 86 ኪሎ ነበር የሚመዝነው። ዛሬ ቢሆን ኖሮ ጣሪያው 90.7 ኪሎ ለሆነው ለክሩዘር ሚዛን የሚሆን ሰውነት ነው።

ሮኮ ፍራንሲስ ማርኬጂያኖ ተብሎ የተወለደው ሴፕቴምበር 1 ቀን 1923 በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ግዛት፣ ብሮክተን ከተማ ነው። ብሮክተን በጫማ ፋብሪካዎቿ የምትታወቅ ከተማ ነበረች። አባቱ ፒዬሪኖ ከጣሊያን የመጣ ስደተኛ ሲሆን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ከአሜሪካ ጦር ጋር ዘምቶ ጉዳት ይዞ የተመለሰ፣ ከዚያ በኋላ ዕድሜውን በጫማ ማሽን ፊት የጨረሰ ሰው ነው። ልጁ ገና ዓመት ተኩል አካባቢ ሳለ የሳንባ ምች ይዞት ከሞት አፋፍ ነው የተመለሰው። በኋላ ላይ አሥራ አምስት ዙር ሮጦ የማይደክመው ሳንባ ይኸው ሳንባ መሆኑ ይገርመኛል።

ልጅነቱን ሁሉ ያሰበው ስለ ቤዝቦል ነበር እንጂ ስለ ቦክስ አልነበረም። ትምህርቱን ከአሥረኛ ክፍል አቋርጦ የበረዶና የከሰል መኪና ላይ ሠራ፣ ቦይ ቆፈረ፣ ጫማ ፋብሪካም ገባ፤ የጫማ ፋብሪካው ሥራ ግን የአባቱን ዕጣ ያየበት ስለሆነ አልተዋጠለትም። በ1943 ለውትድርና ተጠራ፤ ወደ ብሪታንያ፣ ዌልስ ተልኮ በእንግሊዝ ባሕር ሰርጥ በኩል ወደ ኖርማንዲ ስንቅና ትጥቅ ከሚያሻግሩት ጋር አገለገለ። ቦክስን በቅጡ የያዘው እዚያው ወታደር ቤት ነው። የወጥ ቤት ተራ ለማምለጥ ነው ጓንት ያጠለቀው ይባላል፤ እውነት ይሁን አይሁን ለሰውየው ጠባይ የሚስማማ ነው። በ1947 አንድ የባለሙያ ግጥሚያ በሐሰት ስም ተጋጥሞ በዝረራ አሸነፈ። ቢሆንም ልቡ ቤዝቦል ላይ ስለነበር በዚያው ዓመት የቺካጎ ከብስ ቡድን ሙከራ ሊሰጥ ወደ ሰሜን ካሮላይና ሄደ። አባረሩት። ምክንያቱ ኳስ አወራወሩ ነው፤ ክንዱ አልበቃም። በሃያ ሦስት ዓመቱ፣ ሙያ ሳይኖረው፣ ወደ ብሮክተን ተመለሰ።

እንግዲህ ያ ክንድ ነው ወደ ቦክስ የመጣው። የማርሲያኖ ቁመት 1 ሜትር ከ78 ገደማ፣ ሁለት እጆቹ ተዘርግተው ከጫፍ እስከ ጫፍ 170 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነበሩ። ከዓለም ከባድ ሚዛን ሻምፒዮኖች ሁሉ አጭሩ ክንድ የሱ ነው። በ1948 ከጓደኛው ከአሊ ኮሎምቦ ጋር ወደ ኒውዮርክ ሄዶ ማናጀሩ አል ዌይልና አሰልጣኙ ቻርሊ ጎልድማን ሲያዩት በዕድሜው ለጀማሪ ያረጀ፣ እግሩን የት እንደሚያሳርፍ የማያውቅ፣ ቡጢውን ከሩቅ እያወናጨፈ የሚስት ወጠምሻ ነው ያዩት። አንድ ነገር ግን ነበረው፤ የነካውን ሰው ይጥላል።

ጎልድማን ራሱ ደቃቃ ሰው ነበር፤ በወጣትነቱ በባንተም ሚዛን ብዙ ግጥሚያ ያደረገ፣ የእጁ አንጓዎች የተጣመሙ። ሌላ አሰልጣኝ ቢሆን ይህን ልጅ ቀጥ ብለህ ቁም፣ በግራ ጃብ ተጫወት ብሎ ያበላሸው ነበር። ጎልድማን ያደረገው ተቃራኒውን ነው። አጭር ከሆንክ የበለጠ እጠር አለው በአጭሩ። ጉልበቱን አጥፎ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ጭንቅላቱ ከባላጋራው ደረት ሥር እንዲገባ አድርጎ አስተማረው። ነገሩ ቀላል ሂሳብ ነው። ረጅም ሰው የሚጠቅመው ክንዱ የሚዘረጋበት ርቀት ሲያገኝ ነው። የሚመታው ኢላማ ዝቅ ካለበት ወደ ታች መምታት አለበት፣ ወደ ታች የሚሰነዘር ቡጢ ደግሞ የሰውነት ክብደት አይከተለውም። አጭሩ አንዴ ገብቶ ደረቱ ላይ ከተጣበቀበት ደግሞ ረጅሙ ክንድ መታጠፊያ ቦታ ያጣል፤ አጭሩ ክንድ ግን እንደ ልቡ ይሠራል። ችግሩ እስኪገባ ድረስ ያለው መንገድ ነው። ያ መንገድ በነጻ አይታለፍም።

ለዚያ መንገድ ነበር ስልጠናው ሁሉ። ማርሲያኖ ግጥሚያ በሌለው ቀን እንኳ በየቀኑ ረጅም ርቀት ይሮጥ ነበር፤ ዋና ገንዳ ውስጥ ገብቶ ውኃውን በቡጢ ይደበድባል፤ ከተለመደው በጣም የሚከብድ ከረጢት ይመታል። ግጥሚያው ሲቃረብ ደግሞ ለሳምንታት ከቤተሰቡ ተለይቶ ካምፕ ይገባል። ስሙም በዚህ ጊዜ ነው ያጠረው፤ ማርኬጂያኖ ለአስተዋዋቂዎች ምላስ አልመች ስላለ ማርሲያኖ ሆነ።

ማሸነፉ ቶሎ ነው የጀመረው፤ ብዙዎቹን ከሦስተኛው ዙር በፊት ይዘርራቸው ነበር። ከነዚህ ሁሉ አንዱን ማለፍ አልችልም። ዲሴምበር 30 ቀን 1949 በኒውዮርክ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ከካርሚን ቪንጎ ጋር ተጋጠመ። ቪንጎ ገና ወጣት፣ በቁመት ማርሲያኖን በጣም የሚበልጥ ልጅ ነው። በስድስተኛው ዙር ወደቀ፤ ራሱን እንደሳተ ሆስፒታል ገባና ለቀናት በሞትና በሕይወት መካከል ቆየ። ተረፈ፣ ግን ዳግመኛ አልተጋጠመም። ማርሲያኖ የሕክምና ወጪውን በመክፈል አግዟል። እኛ ትንሹ ትልቁን ሲጥል ማየት ስለምንወድ ትልቁም ሥጋና ደም መሆኑን እንረሳለን። ቁመቱ ልጁን አላዳነውም።

ወደ ዋናዎቹ ግጥሚያዎች ልምጣ። ኦክቶበር 26 ቀን 1951፣ እዚያው ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን፣ ተጋጣሚው ጆ ልዊስ ነው። ልዊስ ለአሥራ ሁለት ዓመት ገደማ የዓለም ሻምፒዮን ሆኖ የኖረ፣ ጡረታ ወጥቶ የግብር ዕዳ አላስቀምጥ ብሎት የተመለሰ ሰው ነው። በዚያን ምሽት ልዊስ 96 ኪሎ ተኩል፣ ማርሲያኖ 85 ኪሎ ገደማ መዘኑ። በቁመት ልዊስ አሥር ሴንቲ ሜትር ያህል፣ በክንድ ሃያ ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል ይበልጣል። የኪሎ ተከራካሪው ይህን ብቻ ቢሰማ ገንዘቡን ልዊስ ላይ ያደርግ ነበር፤ በዚያን ጊዜም ያደረጉ ብዙ ነበሩ። በመጀመሪያዎቹ ዙሮች የልዊስ የግራ ጃብ ሠርቷል። ማርሲያኖ ግን እየተመታ ይገባል፣ እየተመታ ይገባል፤ የልዊስ እግርም ከሰባተኛው ዙር በኋላ ከዳው። በስምንተኛው ዙር በግራ ሁክ ወደቀ፤ ተነሳ፤ ከዚያ በቀኝ ቡጢ በገመዱ መካከል ሾልኮ ከሪንጉ ጠርዝ ላይ ተዘረጋ። ማርሲያኖ በኋላ ልዊስ ልብስ ወደሚቀይርበት ክፍል ሄዶ አልቅሷል፤ ልዊስ የልጅነቱ ጀግና ነበርና።

እዚህ ላይ የማርሲያኖ ደጋፊዎች አይውደዱልኝ እንጂ አንድ ነገር ማለት አለብኝ። ልዊስ በዚያን ቀን 37 ዓመቱ ነበር። በ1938 የነበረው ልዊስ አልነበረም። ስለዚህ ይህ ግጥሚያ ትንሽ ትልቁን አሸነፈ ከምንለው ይልቅ ወጣቱ አዛውንቱን አሸነፈ ብንለው ወደ እውነቱ ይቀርባል። የማርሲያኖን መዝገብ የሚያነብ ሰው ይህን ጥርጣሬ ይዞ ካላነበበ ይታለላል።

የሻምፒዮናው ግጥሚያ ግን ሌላ ነው። ሴፕቴምበር 23 ቀን 1952፣ ፊላደልፊያ፣ ክፍት ስታዲየም። ሻምፒዮኑ ጀርሲ ጆ ዎልኮት ነው። እሱም 38 ዓመቱ ነበር፣ ነገር ግን እንደ ልዊስ ያለቀለት ሰው አልነበረም። ያደገው በድህነት፣ የተማረው በየመንደሩ ቦክስ ቤት ነው፤ ወደ ጎን እየተራመደ፣ ዞር ብሎ የሚሄድ አስመስሎ የሚመታ፣ ብልጠቱ ከዕድሜው ጋር የጨመረ ቦክሰኛ። 89 ኪሎ ሆኖ መጣ፤ ማርሲያኖ 83 ኪሎ ተኩል። ገና በመጀመሪያው ዙር ዎልኮት በግራ ሁክ ማርሲያኖን መሬት አስያዘው። በሙያው የመጀመሪያው መውደቁ ነበር። ተነሳ። ከዚያ በመካከለኛዎቹ ዙሮች ዓይኑ ውስጥ የሚያቃጥል ነገር ገብቶ ለጥቂት ዙሮች በደንብ ሳያይ ተፋለመ። ግንባሩም ተተረተረ። አሥራ ሁለተኛው ዙር ሲያልቅ በሦስቱም ዳኞች ነጥብ እየተመራ ነበር፤ በነጥብ ሊያሸንፍ የሚችልበት መንገድ ተዘግቷል።

አሥራ ሦስተኛው ዙር ተጀመረ። ዎልኮት ወደ ኋላ እያፈገፈገ ገመዱ ላይ ደረሰ፤ ቀኙን ሊሰነዝር ሲያዘጋጅ የማርሲያኖ ቀኝ ቀደመ። ይህ ቀኝ እጅ ሱዚ ኪው የሚል የቁልምጫ ስም ነበረው። የሄደችው ርቀት በጣም ትንሽ ናት፤ ፊልሙን ያየ ሰው ቡጢዋን አይቶ ሳይሆን የዎልኮት ፊት ሲጣመም አይቶ ነው የሚያውቃት። ዎልኮት አንድ ክንዱ ገመዱ ላይ እንደተንጠለጠለ በጉልበቱ ወርዶ ቀረ። እዚህ ላይ ቆም ብዬ የማስበው ነገር አለ። ያች ቡጢ አጭር ባትሆን ኖሮ አትቀድምም ነበር። ረጅም ክንድ ያለው ሰው በዚያ ቅርበት ላይ ክንዱን መሰብሰብና መዘርጋት ነበረበት። የከብስ ቡድን ለውርወራ አልበቃም ያለው ክንድ ለዚህ ቦታ የተሠራ ይመስል ነበር።

በ1953 ዎልኮትን በድጋሚ ገጥሞት በመጀመሪያው ዙር ጨረሰው። ይህን ጨምሮ ማዕረጉን ስድስት ጊዜ ተከላክሎ ጠበቀ። ከነዚህ ውስጥ የከበደው ከኤዛርድ ቻርልስ ጋር በ1954 የተደረገው ነው። ቻርልስ ከታች ከመካከለኛ ሚዛን የመጣ፣ በኪሎ ከማርሲያኖ ብዙም የማይለይ ሰው ነው፤ የመጀመሪያውን ግጥሚያ እስከ አሥራ አምስተኛው ዙር ቆሞ ጨርሷል። በሁለተኛው ግጥሚያ የማርሲያኖ አፍንጫ ለሁለት ተሰነጠቀ። ደሙ አልቆም አለ፤ ዳኛው ሊያስቆመው ነው ሲባል በስምንተኛው ዙር ቻርልስን ዘረረው። ይህን አፍንጫ አንባቢዬ እንዲያስታውስልኝ እፈልጋለሁ፣ በኋላ ይመጣል። በግንቦት 1955 የተጋጠመው እንግሊዛዊው ዶን ኮኬል 93 ኪሎ ነበር፤ እሱ ግን ጠንካራ ከመሆኑ ይልቅ ወፍራም ነበር ማለት ይቻላል፣ በዘጠነኛው ዙር አለቀ። እነሆ ሌላ ምሳሌ፤ ኪሎ ሁሉ ጡንቻ አይደለም። በሴፕቴምበር 1955 ደግሞ አርቺ ሙር በሁለተኛው ዙር ጣለው፣ ማርሲያኖ ተነስቶ በዘጠነኛው ዙር መለሰለት። በኤፕሪል 1956 ጓንቱን ሰቀለ። 49 ግጥሚያ፣ 49 ድል፣ 43ቱ በዝረራ።

ይህን ያህል ስናወራ ማርሲያኖ ብቻውን እንዳልሆነ መናገር ተገቢ ነው። በ1897 ቦብ ፊትዝሲመንስ 76 ኪሎ ገደማ ሆኖ ጄምስ ኮርቤትን ሆዱ ላይ በተመታ ቡጢ ጥሎ የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ሆኗል። በ1919 ጃክ ዴምፕሲ በ85 ኪሎው 111 ኪሎ የሚመዝነውን፣ ሁለት ሜትር ሊሞላ ምንም ያልቀረውን ጄስ ዊላርድን በአንድ ዙር ሰባት ጊዜ ጥሎታል። በኛም ጊዜ፣ በ2024፣ ኦሌክሳንደር ኡሲክ ታይሰን ፉሪን ሁለት ጊዜ በነጥብ አሸንፏል፤ በሁለተኛው ግጥሚያ የኪሎ ልዩነታቸው 25 ነበር። ነገር ግን ያው ፊትዝሲመንስ በ1899 ጄምስ ጄፍሪስ የሚባል ወጣት ግዙፍ ገጥሞት ተዘርሯል። ግዙፉ ወጣትም፣ ጠንካራም፣ ትዕግሥተኛም ከሆነ ትንሹ ምን ያድርግ? ዳዊትና ጎልያድን የሚጠቅሱ ጓደኞች አሉኝ። ዳዊት እኮ ወንጭፍ ነበረው፤ ከሩቅ የመታው እሱ ነው። በቦክስ ቋንቋ ረጅም ክንድ የነበረው ዳዊት ነው ማለት ነው። ማርሲያኖ ወንጭፍ አልነበረውም።

ከጡረታ በኋላ ያለውን ኑሮውን በአጭሩ ልለፈው። በየከተማው እየዞረ ንግግር ያደርጋል፣ ለማስታወቂያ ይቀርባል፤ ክፍያውን በጥሬ ገንዘብ ካልሆነ አይቀበልም። ባንክ አያምንም ነበርና ገንዘቡን በየቦታው ይደብቅ ነበር፤ ከሞተ በኋላ ቤተሰቡ አብዛኛውን አላገኘውም። የስደተኛ ልጅ፣ የአባቱን ደሞዝ ያየ ልጅ፣ እንዲህ ቢሆን አልፈርድበትም።

አሁን ወደ ኮምፒውተሩ። በ1967 መሪ ዎሮነር የተባለ ማያሚ የሚገኝ የሬዲዮ ፕሮግራም አዘጋጅ አንድ ሐሳብ መጣለት። የዘመናት ከባድ ሚዛን ሻምፒዮኖችን በኮምፒውተር አጋጥሞ ለሬዲዮ አድማጭ ማቅረብ። ስለ እያንዳንዱ ቦክሰኛ ፍጥነት፣ የቡጢ ኃይል፣ መመታት የመቻል አቅም እና ሌሎች ነገሮች መጠይቅ አዘጋጅቶ ለቦክስ ጸሐፊዎች ላከ፤ መልሱን ኤን ሲ አር 315 የሚባል ኮምፒውተር ውስጥ አስገባ፤ የወጣውን ውጤት ተዋንያን እንደ ቀጥታ ስርጭት አድርገው ተረኩት። ሕዝቡ ወደደው። በፍጻሜው ማርሲያኖ ዴምፕሲን አሸንፎ የዘመናት ሁሉ ሻምፒዮን ተባለ። መሐመድ ዓሊ ግን ቀደም ብሎ በጄፍሪስ ተሸንፎ ወጣ። ዓሊ በዚያ ዓመት የቬትናም ጦርነት አልዘምትም በማለቱ ማዕረጉን የተነጠቀ፣ እንዳይጋጠም የተከለከለ፣ እስራት የተፈረደበት ሰው ነው። በእውነተኛው መድረክ ማንም ሳያሸንፈው በሬዲዮ መሸነፉን ሲሰማ ስሜ ጠፋ ብሎ የአንድ ሚሊዮን ዶላር ክስ መሠረተ። ነገሩ በስምምነት አለቀ፤ ስምምነቱም ዓሊ ከማርሲያኖ ጋር ለፊልም እንዲጋጠም ነው።

በ1969 ማያሚ ውስጥ በተዘጋ ስቱዲዮ ተገናኙ። ማርሲያኖ 45 ዓመቱ ነበር። ለዚህ ቀረጻ ብሎ ከሃያ ኪሎ በላይ ቀንሷል፣ መላጣውን የሚሸፍን ሰው ሠራሽ ፀጉርም አድርጓል። አንድ አንድ ደቂቃ የሚፈጁ ከሰባ በላይ ዙሮች ተቀረጹ፤ ደም ሲያስፈልግ ሰው ሠራሽ ደም ይቀባሉ። ማለቂያው ግን በየዓይነቱ ነው የተቀረጸው። አንዴ ዓሊ ይወድቃል፣ አንዴ ማርሲያኖ፤ የትኛው እንደሚወጣ ለሁለቱም አልተነገራቸውም። ሁለቱ ሰዎች ግን በነዚያ ቀናት ተዋደዱ፤ በፖለቲካ የማይገናኙ፣ አንዱ ዘማች አንዱ አልዘምትም ባይ ሆነው ሳለ ማለት ነው።

ኦገስት 31 ቀን 1969፣ አርባ ስድስተኛ ልደቱ ሊደርስ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ማርሲያኖ የተሳፈረባት ትንሽ አውሮፕላን በአዮዋ ግዛት ኒውተን ከተማ አጠገብ በጨለማ ወደቀች። ከተሳፈሩት የተረፈ የለም።

ፊልሙ ጃንዋሪ 20 ቀን 1970 በብዙ ሲኒማ ቤቶች በአንድ ምሽት ታየ። በአሜሪካ ማርሲያኖ በአሥራ ሦስተኛው ዙር ዓሊን በዝረራ አሸነፈ። በአውሮፓ የታየው ግን ሌላ ነው፤ የማርሲያኖ ፊት ተተርትሮ ግጥሚያው ቆመ፣ አሸናፊው ዓሊ ሆነ። ጋዜጠኝነት የምንማር ሰዎች ይህን ስናነብ ዝም ብለን ማለፍ ያለብን አይመስለኝም። አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ መረጃ፣ ሁለት ውጤት። በዚያ ዓመት ብዙ ነጭ አሜሪካዊ ዓሊ ሲወድቅ ማየት ይፈልግ እንደነበር የሚታወቅ ነው፤ አውሮፓ ላይ ደግሞ ዓሊ ተወዳጅ ነበር። ለእያንዳንዱ ገበያ የሚፈልገው ተሸጠለት፣ በላዩ ላይም ሳይንስ የሚል ማኅተም ተመታበት። ማሽኑ የሚያውቀው የቦክስ ጸሐፊዎቹ የሞሉለትን ያህል ነው። ጸሐፊዎቹ ደግሞ እንደኛ ዶርም ልጆች የየራሳቸው ጀግና አላቸው።

ታዲያ እኔን ብትጠይቁኝ? ሁለቱም ማለቂያዎች እውነት ናቸው፤ ምክንያቱም ሁለቱም ተደርገዋል። ጁን 18 ቀን 1963 ለንደን ላይ ዓሊ፣ ያኔ ካሲየስ ክሌይ፣ ከሄንሪ ኩፐር ጋር ተጋጥሟል። ኩፐር 84 ኪሎ ገደማ ነበር፤ ልክ እንደ ማርሲያኖ። በአራተኛው ዙር መጨረሻ ላይ በግራ ሁክ ዓሊን ጣለው፤ ደወሉ ባይደርስለት ምን ሊሆን እንደሚችል አይታወቅም። በአምስተኛው ዙር ግን የኩፐር የዓይን ቆዳ ተተርትሮ ዳኛው አስቆመው። ይህ የአውሮፓው ፊልም ነው። ያን የተሰነጠቀ አፍንጫ አስታውሱ ያልኩት ለዚህ ነው፤ የዓሊ ክንድ ከማርሲያኖ 28 ሴንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል፣ እግሩም እንደ ዎልኮት 38 ዓመት የሞላው እግር አይደለም። ወደ ውስጥ እስኪገባ ድረስ የማርሲያኖ ቆዳ አይችልም ነበር። በግሌ በ1967ቱ ዓሊ ላይ ነው የማስይዘው።

ሌላው ማለቂያ ደግሞ ማርች 8 ቀን 1971 ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ውስጥ ተደረገ። ጆ ፍሬዘር ከዓሊ በቁመትም በክንድም በኪሎም ያነሰ፣ እንደ ማርሲያኖ ጎንበስ ብሎ እየተመታ የሚገባ ሰው ነው። ሌሊቱን ሙሉ ገባ። ፊቱ አበጠ፣ ግን ቆዳው ያዘለት። በአሥራ አምስተኛው ዙር በግራ ሁክ ዓሊን በጀርባው ዘረጋው፤ ዓሊ ተነስቶ ዙሩን ቢጨርስም ሦስቱም ዳኞች ለፍሬዘር ሰጡ። ዓሊ በእውነተኛ መድረክ የተሸነፈበት የመጀመሪያው ግጥሚያ ነው። ማርሲያኖ ከሞተ ያኔ አሥራ ስምንት ወር አልፎ ነበር።